ሳለ

አርባ ሁለት ዓመት መንኮራኩር ገፋሁ፣
በኦውሬንሴ መንገድ ዋሽንቴን እየነፋሁ።
ድምፁን የለመዱ ከየደጁ ወጡ፣
የዶለዶመ ቢላ፣ መቀስ፣ ምላጭ አመጡ።
ብረቱ ለባለቤቱ፣ ብናኙ ለሳንባዬ፤
ቀን ስስል እውላለሁ፣
ሌት ስስል አድራለሁ፣
ይኸው ነው ደመወዜ፣ ይኸው ነው ሙያዬ።

አሁን መንኮራኩሩ ከደረጃው ሥር ነው፣
ድመት ወልዳበታለች፤ ማን ያስነሳት? ተውነው።
ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ኢሲያ
መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኳን ሰጥታኝ፣
«ፎቶ እያነሳህ ሳል» አለችኝ።
«ልሳል? ሌላስ ሥራ መች አውቃለሁ?»
«በጣትህ ነው፣ አያቴ።»
እነሆ በሰባ ሰባት ዓመቴ
ያለ ድንጋይ፣ ያለ ውሃ፣ በጣቴ እስላለሁ።

መጀመሪያ ከፍልውሃው አፍ የሚወጣውን እንፋሎት አነሳሁ፤
ጥላውን ሳጠቁር፣ ቀለሙን ስቀንስ፣ እራቴን ረሳሁ።
ቀጥሎ የሚኞን ድልድይ።
ዝገት የበላውን የጎረቤቴን በር አንስቼ
በወንዙ ላይ እንደ ስስ ሻሽ አለበስኩት፤
ከቅስቱ ሥር እሳት የሚፈስ እስኪመስል ሞቅ አደረግኩት።
ዓሣ ሻጯ ሬሜዲዮስ ትክ ብላ አይታ
«ይሄስ የት አገር ነው?» አለችኝ፣
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ
ቅርጫቷን ተሸክማ የተሻገረችውን።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ሳሉ አልተኛ ሲለኝ፣
የኦቲሊያን ፎቶ ከፈትኩ።
የመጨረሻዋ ክረምት ናት። ቆማ ድንች ስትልጥ
ድንገት ጠራኋት፤ ዞር አለች፤ ሳቀች፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።
እኔ የሳልኩት ቢላ ብቻ ጥርት ብሎ ያበራል፤
ፊቷ ግን ጭጋግ ነው፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማን ያውቃል።

ስልኩ ውስጥ ደግሞ አንዲት መሥመር አለች፣
ወደ ቀኝ ሲገፏት የደበዘዘ ፎቶ የምትስል፣
ሙያዬን ሰርቃ የገባች።
ገፋኋት። ቅንድቧ ወጣ።
ገፋኋት። ከከንፈሯ በላይ ያለችው ጠባሳ መጣች፣
በልጅነቷ ፍየል ወግታት የቀረች።
ደስታ መቼ በቃኝ ያውቃል? ገፋኋት።
ጸጉሯ ሽቦ ሆነ፣ ዓይኗ ጠጠር፣
ጉንጯ ላይ ያልነበረ አሸዋ ፈሰሰ፤
ዕዳ ልትጠይቅ የመጣች የምትመስል ባዳ ሴት
ከገዛ ወጥ ቤቴ አፈጠጠችብኝ።

ይህን እኔ ልሳተው?
አባቴ ገና ድንጋዩን ሲያስጨብጠኝ
«ስለት ስታበዛ ቢላው ያልቃል» ብሎኝ ነበር፤
«ጆሮህ በቃ ሲልህ አንሳ፣ ዓይንህን አትጠብቅ፣
ዓይን ስግብግብ ነው።»
መለስኳት። ወደ ግራ፣ ቀስ እያልኩ፣ ወደ ግራ፣
ጠባሳዋ እስኪገባ፣ ቅንድቧ እስኪቀልጥ፣
ሳቋ እስኪመለስ።

በማግስቱ ኢሲያ አየችው።
«ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ጣትህ እኮ ነው፤
አንዴ ከከበብከው ይጠፋል፣ ግድግዳውን አፑ ራሱ ይሞላዋል፣
ማንም አይለየው።»
እውነቷን ነው። ካሜራውን የጋረደ አውራ ጣቴ ነው፣
ብረት ያጣመመው።
ግን እኔና ኦቲሊያ አብረን የተነሳነው ፎቶ ሦስት ብቻ ነው፤
በሦስቱም መሃላችን ሰው አለ።
በዚህኛው ማንም የለም።
«ተይው» አልኳት።
ጣቴን ጥቂት ቢጫ ቀባሁት፣ መብራት የነካው እንዲመስል።

ሬሜዲዮስ ዓሣዋን ይዛ በበሩ ብቅ አለች።
«ምን እያደረገ ነው?»
ኢሲያ በብርጭቆ ውሃ እየቀዳች
«እየሳለ» አለቻት።